ምንጣፍ የለበሰው የሰዒድ ሣጥን

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገርህ፣ ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እኔ ራሴ እስቅበት ነበርና። ተካ እባላለሁ፣ ሰባተኛ አካባቢ አንድ ቀጭን መተላለፊያ ውስጥ አርባ ዓመት ያለፋት የሬዲዮና የቴፕ መጠገኛ ሱቅ አለችኝ፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ አምፕሊፋየሩም፣ ሚክሰሩም፣ ስፒከሩም፣ ብቻ ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ የቀረውን ያስተማረችኝ ካቻቢቴዬ ናት። የመጀመሪያዋን ሬዲዮ የፈታሁት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፣ መልሼ ስገጥማት ሦስት ብሎን ተረፈኝ፣ ሬዲዮዋ ግን ከበፊቱ ጠርታ ተናገረች፣ እመነኝ፣ እነዚያ ብሎኖች ድሮም አያስፈልጓትም ነበር። ከኮሌጅ የተመረቁ ልጆች መጥተው "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ለምንድን ነው የሚጮኸው?" ይሉኛል፣ እኔም ጆሮዬን ጠጋ አድርጌ፣ ሳልከፍተው፣ የትኛው ሽቦ እንደላላ እነግራቸዋለሁ። ሰፈሩ "ኢንጂነር" ይለኛል፣ ግማሹ ሊያሾፍ፣ ግማሹ ከልቡ፣ እኔ ሁለቱንም በክብር እቀበላለሁ።

እንዲህ ያለ ሰው ጂኒ፣ መንፈስ፣ ጥላ ምናምን በሚባል ነገር ያምናል? አያምንም። "ሬዲዮዬ ውስጥ አንድ ነገር ገብቷል፣ ሌሊት ያወራል" ብለው ያመጡልኝን ዕቃ ስንቱን ከፍቻለሁ፣ ውስጡ ያገኘሁት በረሮ ነው፣ አንዴ ብቻ አይጥ ከነልጆቿ። ስለዚህ አሁን የምነግርህን ስትሰማ የሚያወራህ የማያምን ሰው መሆኑን አትርሳ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምነግርህ።

ረቡዕ ጠዋት ነው፣ እትዬ ዘይነባ አንድ ትልቅ ሣጥን በጋሪ አስጭነው ሱቄ ደጃፍ ደረሱ። ገና ከሩቅ ሳየው አወቅኩት። የባላቸው የሰዒድ ራክ ነው። ራክ የምንለው አምፕሊፋየሩም ሚክሰሩም አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው በብሎን የሚታሰሩበትን ሣጥን ነው፣ ከውጭ ምንጣፍ የሚለብሰው መኪና ላይ ሲጫንና ሲወርድ እንዳይፋቅ ነው። ሰዒድ የወሎ ሰው ነበር፣ ቁመቱ በር የማይበቃው፣ ለሰርግ የድምፅ ዕቃ ያከራይ ነበር፣ በዚህ ሰፈር በሱ ስፒከር ያልተዳረ ሰው ፈልገህ አታገኝም። ሰላምታ ነበረን፣ ግን ያንን ሣጥን ለሃያ ዓመት አንድ ቀን አላስነካኝም። "ተካ፣ አንተ የነካኸው ዕቃ ብሎን ይተርፈዋል" እያለ ሰው ፊት ያሳቅቀኝ ነበር። ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሣጥኑ ከዚያ ወዲህ የሚያፈስ ጣራ ሥር ቆይቶ ምንጣፉ ሻግቷል፣ ማዕዘኑን አይጥ በልቶታል፣ ወለሉ ውሃ ጠጥቶ አብጧል።

"ጋሼ፣ ሐያት እሑድ ልትዳር ነው" አሉኝ እትዬ ዘይነባ፣ ሐያት አንድ ልጃቸው ናት።

"እንኳን ደስ ያለዎት!"

"እንኳን አብሮ ደስ ያለን። አባቷ በገዛ ዕቃው ሊድራት ነበር ሐሳቡ። የሰው ልጅ ሁሉ በሱ ዕቃ ተድሮ የሱ ልጅ በሰው ዕቃ? ወንድሙ ግን ሌላ ዲጄ አነጋግሯል፣ ይሄን ግማታም ለምናለሽ ተራ ሽጪው ይለኛል። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን እስከ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ ሰጠኝ፣ ያኔ መጥቶ ያያል፣ ከሠራ ሠራ፣ ካልሠራ ዲጄው ይመጣል፣ ይሄም ይሸጣል።" የነጠላቸውን ጫፍ ጠቀለሉት፣ ፈቱት። "ይደርሳል ይበሉኝ ጋሼ።"

"ዘጠኝ ሰዓት? በስምንት ጨርሼ ተቀምጬ እጠብቅዎታለሁ!" አልኳቸው፣ ድምፄን ጎረቤት እንዲሰማው አድርጌ።

ጎረቤቴ ጀማል ባልዲና ሳፋ ነው የሚሸጠው፣ አፉ ግን ምላጭ ነው። "ኢንጂነር፣ የየትኛው ዓርብ ስምንት ሰዓት?" አለ ከሳፋ ክምር ጀርባ።

"አንተ ባልዲህን ቁጠር!" አልኩት፣ እትዬ ዘይነባ ሳቁ፣ ሲስቁ ሳያቸው እንግዲህ ብሞት ከዓርብ አላሳልፈውም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

እንዴት እንደሠራሁት ባልነግርህ ቅር ይለኛል። ውስጡ ያሉትን ዕቃዎች አውጥቼ አሮጌውን ምንጣፍ ገፍፌ ጣልኩ፣ ሥሩ ተጋግሮ የቀረውን ማስቲሽ በቢላዋ ፋቅሁ፣ እንጨቱን እጄ ላይ እንደ ሐር እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ ያበጠውን ወለል ቆርጬ በአዲስ ኮምፔርሳቶ ተካሁ። ከዚያ ጥቁር ግራጫ ምንጣፍ ገዛሁ። ምንጣፍ ፀጉር አለው፣ ፀጉሩም አቅጣጫ አለው፣ ወደ ታች ስትዳብሰው ይጠቁራል፣ ወደ ላይ ስትዳብሰው ይነጣል፣ ሥራ የማያውቅ ሰው አንዱን ጎን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች ለጥፎ ሣጥኑን ዥጉርጉር ያደርገዋል። እኔ አራቱንም ወደ ታች። ማስቲሹን እንጨቱም ላይ ምንጣፉም ላይ ቀብተህ ጣት የማይዝ እስኪሆን ትጠብቃለህ፣ ከዚያ አንዴ ካሳረፍከው በቃ፣ ማረሚያ የለውም። መጋጠሚያውን ጀማል በዓይኑም በጣቱም ፈልጎ አጣው፣ አጣሁ ብሎ ግን አላመነም።

ሐሙስ ጠዋት የቀረው እጀታዎቹን መመለስ ነበር። ሣጥኑ በግራና በቀኝ ጎኑ ሁለት የብረት እጀታ አለው፣ እያንዳንዱ በአራት ብሎን የሚታሰር። ምንጣፉን ስገፍፍ ያየሁት ነገር ነበር፣ የግራው እጀታ ከቀኙ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ነበር የተገጠመው። ሳየው እንዴት እንደሳቅሁ ልነግርህ አልችልም። ሃያ ዓመት እጅህን አታሳርፍበት ያለኝ ሰውዬ እጀታ እኩል መግጠም አይችልም ነበር! ውሃ ልኬን አመጣሁ፣ ለካሁ፣ የግራውን ከቀኙ እኩል ከፍ አድርጌ በአዲስ ቀዳዳ አጥብቄ አሰርኩት፣ አሮጌዎቹ ቀዳዳዎችም ከአዲሱ ምንጣፍ ሥር ተሸፍነው ቀሩ። "ሰዒድ፣ ይሄውልህ፣ ለነፍስህ ይሁን" አልኩ ጮክ ብዬ።

ምሳ በልቼ ስመለስ እጀታው ተፈትቷል። ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ በጎኑ አጋድሜው ነበር የሄድኩት፣ ግራው ወደ ላይ ሆኖ፣ እጀታው እኔ ካሰርኩበት ወርዶ አራት ጣት ዝቅ ብሎ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል፣ አራቱ ብሎኖች ከጎኑ በጭንቅላታቸው ቆመው ተደርድረዋል። በቀጥታ ጀማል ጋ ሄድኩ።

"አንተ ሰው፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ ቀልድ ሌላ ቀን!"

"ምን አደረግኩ?"

"እጀታዬን ማን ፈታው?"

"ወላሂ ጋሽ ተካ፣ እኔ ካቻቢቴ በየት በኩል እንደሚያዝ አላውቅም" አለ፣ ይሄ ደግሞ እውነት ነው፣ ባለፈው የሱቁ ማጠፊያ ሲላላ በማንኪያ ሲታገል አግኝቼዋለሁ። መልሼ አሰርኩት። ማታ በሁለት ቁልፍ ቆልፌ ሄድኩ፣ የሁለቱም መክፈቻ ኪሴ ውስጥ አድሯል። ዓርብ ጠዋት ስከፍት እጀታው አራት ጣት ዝቅ ብሎ ተቀምጧል፣ አራቱ ብሎኖች በጭንቅላታቸው ቆመዋል።

ያኔም አላመንኩም። ምንጣፉ አዲስ ነው፣ እንጨቱ ይተነፍሳል፣ ብሎን ይላላል፣ አልኩ። በጭንቅላቱ ቆሞ የሚደረደር ብሎን ግን ላልቶ አይደለም፣ ይህን የሚያውቀው ጀርባዬ ነበር፣ አፌ ግን እምቢ አለ። ለሦስተኛ ጊዜ አሰርኩት፣ በሙሉ ኃይሌ።

እንግዲህ ዓርብ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የኛ መተላለፊያ ምን እንደሚሆን ማወቅ አለብህ። ከእኔ በቀር ሱቅ ያለው ሁሉ ሙስሊም ነው፣ ለጁምዓ ሲሄዱ መደብር አይዘጉም፣ ደጃፉ ላይ ዱላ ወይም በርጩማ አጋድመው "ጋሽ ተካ፣ አደራ" ብለው ይወጣሉ፣ እኛ ለጥምቀት ስንወጣ ደግሞ እነሱ የእኔን ይጠብቃሉ። እኔም ወንበሬን በሬ ላይ አውጥቼ የአሥራ አራት ሱቅ ጌታ ሆኜ እቀመጣለሁ። መርካቶ ሙሉ ዝም አይልም፣ የኛ መተላለፊያ ግን በዚያች ሰዓት ዝም ይላል። ከአትክልት ተራ በኩል የሚመጣ የጭነት መኪና ጥሩንባ ከሩቅ ይሰማል፣ የጀማል ሳፋዎች ፀሐይ ሲመታቸው ቋ ይላሉ፣ በቃ።

እንደዚያ ተቀምጬ፣ ጀርባዬን ለሱቄ ሰጥቼ፣ ከኋላዬ ጭር… ጭር… የሚል ሰማሁ።

ይህን ድምፅ አንተ ብትሰማው አይጥ ነው ትላለህ። እኔ ግን ስድሳ ዓመት ስሰማው የኖርኩት ድምፅ ነው፣ ብሎን ከእንጨት ሲወጣ ነው፣ ሲገባ ሌላ ነው፣ ሲገባ ይጨነቃል፣ ሲወጣ ይቃትታል። ጭር ይላል፣ ያርፋል፣ እጅ ካቻቢቴውን መልሶ ለመያዝ የሚፈልገውን ያህል ያርፋል፣ ደግሞ ጭር ይላል። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ቀጭ። አንድ ብሎን ቆመ ማለት ነው። ደግሞ ጭር። ወዳጄ፣ ቀኑ ብርሃን ነው፣ ፀሐይ ራሴ ላይ ነች፣ እኔም የአሥራ አራት ሱቅ አደራ አለብኝ፣ ተነስቼ ልሩጥ? ሦስተኛው ቀጭ ሲል ዞርኩ።

ማንም የለም። ሦስት ብሎኖች ቆመዋል፣ አራተኛው ግማሽ ወጥቶ እንጨቱ ላይ ቀርቷል። ካቻቢቴዬ የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ነች። ከእጀታው አጠገብ ግን፣ ወደ ታች ዳብሼ ጥቁር ያደረግሁት ምንጣፍ ላይ፣ ፀጉሩ ወደ ላይ ተዳብሶ የነጣ ቦታ አለ፣ አምስት ጣትና መዳፍ። ሰው ብሎን ሲፈታ አንድ እጁን ሥራው ላይ እንደሚደግፈው። የራሴን እጅ አሳረፍኩበት። ከእኔ በአንድ ጣት ይሰፋል። ያንን ግማሽ የወጣ ብሎን ነካሁት፣ ትኩስ ነው። ብሎን ፈትተህ የምታውቅ ከሆነ ከጠንካራ እንጨት ገና የወጣ ብሎን እንደሚግል ታውቃለህ፣ በራሱ ሲቀመጥ ግን አይግልም።

ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ፣ ተቆጣሁ። "እሺ ሰውዬ!" አልኩ። "እሺ! ጠማማ ከሆነ ጠማማ ይሁንልህ! የሰው ስም ግን ልታጠፋ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊደርስ ነው፣ ወንድምህ መጥቶ ሊሸጠው ነው፣ ልጅህ ናት፣ ያንተ ልጅ!" ዝቅ ባለው ቦታ ምንጣፉን በጣቴ ስጫን አራቱ አሮጌ ቀዳዳዎች ከሥሩ ተሰሙኝ። በቢላዋ ጫፍ በሳሁ፣ እጀታውን አሳረፍኩ፣ አራቱም ብሎኖች በጣቴ ብቻ፣ ያለ ካቻቢቴ፣ ቅቤ ውስጥ እንደሚገቡ ገቡ፣ ሲያልቁ ግን እጀታውን ብትጎትተው ቤቱ አብሮ ይመጣል። ከፍ ብለው የቀሩትን የራሴን ቀዳዳዎች በምንጣፉ ፀጉር ሸፈንኳቸው።

ጀማል ከመስጊድ ሲመለስ ሰምቶኛል። "ኢንጂነር፣ ከማን ጋር ነው የሚጣሉት?"

"ከባለቤቱ ጋር" አልኩት፣ እሱም ሳቀ። "ና አምፕሊፋየሩን አብረኸኝ አንሳ።" ሣጥኑን መሬት አውርደን አስገባነው፣ አሰርኩት፣ ሽቦውን ዘረጋሁ፣ እንዳይጮህ የመሬቱን ሽቦ በራሴ መንገድ አሰርኩ፣ መንገዱን አልነግርህም። ከስምንት ሰዓት ትንሽ ተላልፎ ነበር፣ ብዙ አይደለም፣ ጀማል ግማሽ ሰዓት ነው ይላል፣ አትስማው።

ዘጠኝ ሰዓት እትዬ ዘይነባ መጡ። የሰዒድ ወንድም አብሯቸው ነው፣ ከባድ ሰው፣ መተላለፊያው መኪና ስለማያስገባ መኪናውን አውራ መንገድ ላይ አቁሞ፣ ሰዓቱን እያየ ነው የገባው። ከሱቄ ስፒከር ጋር አገናኝቼ ከፈትኩና ማይኩን ሰጠሁት። ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ደገነ፣ ጩኸት ፈለገ፣ የለም። "አንድ፣ ሁለት" አለ፣ የገዛ ድምፁ ጠርቶ ሲመጣበት ደነገጠ። ማይኩን አስቀመጠ። "እሺ፣ ለዲጄው እደውልለታለሁ" አለና ስልኩን ይዞ ወደ መኪናው ሄደ። እትዬ ዘይነባ አላለቀሱም፣ "አልሐምዱሊላህ" ብቻ አሉና በሣጥኑ ዙሪያ ዞሩ፣ ግራው ጋ ሲደርሱ እጃቸውን እጀታው ላይ አሳረፉ።

"የኔን ቦታ ቀየሩብኝ ብዬ ፈርቼ ነበር" አሉ።

"የርስዎን ምን?"

"ይሄ የኔ ነው እኮ ጋሼ። ስንጀምር ተሸካሚ መቅጠር የት አቅም ነበረን? ሌሊቱን በየሰርጉ ቤት በጓሮ በኩል ሁለታችን ነበርን የምንሸከመው። እሱ ረጅም፣ እኔ እንደሚያዩኝ አጭር፣ ሣጥኑ ሁሌ ወደኔ አዘንብሎ ክብደቱ ሁሉ እኔ ላይ። አንድ ቀን ወገቤን ያዘኝ፣ በማግስቱ የኔን እጀታ ዝቅ አድርጎ ገጠመው። ከዚያ ወዲህ ውሃ ቢያስቀምጡበት አይፈስም።" ፈገግ አሉ። "ለማንም አልተናገረም፣ ሚስቱን ያሸክማል እንዳይባል።"

ምን ብዬ እንደመለስኩ አላስታውስም፣ "በጣም ጥሩ የተገጠመ እጀታ ነው" ያልኩ ይመስለኛል። ከዚያ ተሸካሚ ልጥራ ብዬ ወደ በሩ ዞርኩ። "አይ፣ ይሄ ሁልጊዜ በሁለት ሰው ነው" አሉኝ፣ "ቢስሚላህ" አሉ፣ ጎንበስ ብለው ዝቅ ያለውን እጀታ ያዙ።

እኔ በሩ ላይ ነኝ። ከቀኙ እጀታ ሦስት እርምጃ እርቃለሁ። ሣጥኑ ተነሳ።

በአንድ ጎኑ አይደለም። እመነኝ፣ እኔና ጀማል አምፕሊፋየሩን ብቻ ስናነሳ ያቃሰትንበት ሣጥን ነው፣ ከመሬት ሁለቱም ጎኑ እኩል ተነሳ፣ ውሃ ልክ ብታስቀምጥበት አረፋዋ መሐል ላይ ትቆማለች። እትዬ ዘይነባ ወደ ቀኝ አላዩም፣ ዓይናቸው መሬት መሬት እያየ "ደረጃው ጋ ቀስ" አሉ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ያኔ ጀማልና ሌሎቹ ከየሱቃቸው አንገታቸውን ሲያወጡ አየሁና ሮጬ ቀኙ ጋ ደረስኩ፣ እጄን ከእጀታው በታች ዘረጋሁ፣ ግን አልያዝኩትም። ብይዘው እጄ ሌላ እጅ ላይ የሚያርፍ መስሎኝ ፈራሁ። እንዲያው እጄን ዘርግቼ፣ ፊቴን የከበደው ሰው አስመስዬ፣ አብሬ ሄድኩ።

"ኢንጂነር! በሰባ ሦስት ዓመትዎ! ማሻአላህ!" ጮኸ ጀማል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያሾፍ።

መኪናው ላይ ሲያርፍ እትዬ ዘይነባ ነጠላቸውን አስተካከሉና አዩኝ። "እጅዎን አላመመዎትም ጋሼ?" አሉ። በፈገግታቸው ያውቃሉ ልበል፣ አያውቁም ልበል፣ እስከ ዛሬ አልቆረጠልኝም፣ እሳቸውም ድጋሚ አላነሱትም። እኔ በረሮ ፈልጌ ነበር፣ ልንገርህ፣ ሰኞ ሱቄን ገልብጬ ፈልጌያለሁ፣ አይጥም በረሮም አላገኘሁም። አሁን ዓርብ ዓርብ ወንበሬን ፊቷን ወደ ሱቁ ውስጥ አዙሬ ነው የምቀመጠው፣ ለጀማል ፀሐይዋ ዓይኔን ስለምትወጋኝ ነው ብዬዋለሁ።

ያም ሆነ ይህ በሦስት ቀን ውስጥ የሠራሁትን ልቁጠርልህ፣ ሌላ ሰው አይቆጥርልኝም። የበሰበሰ ወለል ቆርጬ አዲስ ተካሁ። መጋጠሚያው የማይገኝ ምንጣፍ አለበስኩ፣ ፀጉሩ አራቱንም ጎን ወደ ታች። አይጥ የበላውን ማዕዘን በብረት ሸፈንኩ፣ አራት የጎማ እግር አደረግሁለት። በአንድ እጀታ ሦስት ጊዜ ተሸንፌ በአራተኛው በትክክለኛው ቦታ ገጠምኩት፣ አንድም ብሎን አልተረፈኝም። አምፕሊፋየሩን ዝም አሰኘሁት። የአሥራ አራት ሱቅ አደራ ሳይጎድል መለስኩ። አንድ ዲጄ አስቀረሁ፣ ሐያት እሑድ በአባቷ ዕቃ ተዳረች፣ ድምፁም እስከ ሲኒማ ራስ ተሰምቷል ይላሉ። ከሱቄ በር እስከ አውራ መንገዱ ድረስ ደግሞ፣ ማን እንደሚሸከመው ከማላውቀው ሣጥን ጎን፣ እጄን ዘርግቼ፣ እርምጃዬን ከእትዬ ዘይነባ ጋር አስተካክዬ ሄድኩ፣ ሳልሸሽም ደረስኩ።